የዕድሩን መዝገብ መገልበጥ፦ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 2017፣ ሣጥኑ ተከፈተ

የሰፈራችን ዕድር ጉለሌ ውስጥ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የቆየ ነው። ድንኳኑ ተቀይሯል፣ ወንበሩ ተቀይሯል፣ መዝገቡ ግን አለ። የአባላት መዝገብ፣ የመዋጮ መዝገብ፣ የቃለ ጉባኤ ደብተር፣ የዕቃ መዝገብ። ሁሉም የሚቀመጡት በዕቃ ቤቱ፣ ከትልልቆቹ ድስቶች ጎን፣ በአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነው።

ሐሳባችን ቀላል ነው። ገጾቹን በሙሉ ፎቶ እናነሳለን። ከዚያ ጽሑፉን ፊደል በፊደል ኮምፒውተር ላይ እንገለብጣለን። በመጨረሻ አንድ አባል የአባቱን ስም ጽፎ ሲፈልግ ገጹ እንዲመጣለት እናደርጋለን። አብራኝ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ናት። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነች ሰንጠረዥ አያስፈራትም። እኔ ደግሞ የድሮ እጅ ጽሕፈት ማንበብ እወዳለሁ።

ለምን የዕድር መዝገብ ብለው የጠየቁኝ ሰዎች አሉ። በአገራችን የጽሑፍ ቅርስን በመቅረጽ በኩል ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍትን ቀርጿል። ቅጂው አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ውስጥ ይገኛል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት ካታሎጉን ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ይህ ባይሆን ኖሮ ስንቱ ጠፍቶ ይቀር ነበር። ነገር ግን የተቀረጸው በአብዛኛው የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት መጽሐፍ ነው። የሰፈር ሰው ደብተር ፈላጊ የለውም። ብራና ደግሞ መቶዎች ዓመታት ይችላል፤ የእኛ ደብተር ወረቀት ግን ገና ሰባ ዓመት ሳይሞላው ጠርዙ እየተፈረፈረ ነው። ጉለሌ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደኖረ፣ ማን ማንን እንደቀበረ የተጻፈው እዚህ ብቻ ነው።

የዕድሩ ዳኛ ሐሳቡን ሰምተው አንድ ነገር ብቻ አሉን። «ልጆቼ፣ ሥራው ይሠራ። መዝገቡ ግን ከዚህ ግቢ አይወጣም።»

«እሺ ጋሼ፣ እኛ ወደ መዝገቡ እንመጣለን» አልናቸው። ትክክል ናቸው። ሰነድ ተወስዶ ያልተመለሰበት ታሪክ በዝቶብናል። ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ አቀረቡልን። ጉባኤው ፎቶውን ፈቀደ። ማን ይየው የሚለው ግን ሥራው ሲያልቅ እንዲታይ ተባለ።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ፎቶ

ስካነር አልተጠቀምንም። መዝገቡን ገልብጦ መስተዋት ላይ መጫን ጀርባውን ይሰብረዋል። ካሜራ በማቆሚያ ላይ አስረን ወደ ታች አዞርነው። መዝገቡን ከ120 ዲግሪ በላይ ላለመክፈት በሁለት በኩል ትራስ አደረግንለት። መብራቱን ከግራና ከቀኝ፣ በ45 ዲግሪ ግድም አስቀመጥነው። እንዲህ ሲሆን ወረቀቱ አያብረቀርቅም፣ ጥላም አይወድቅም። መብራት በሄደ ቀን የበረንዳውን ብርሃን ተጠቀምን። እሱም መጥፎ አይደለም፤ ብቻ ደመና ሲመጣ የገጹ ቀለም ስለሚቀያየር በየገጹ ጎን ማስመሪያና የቀለም ካርድ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ጓንት አላደረግንም። ለወረቀት ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል። ጓንት ጣት ያደነዝዛል፣ የተሰነጠቀ ጠርዝም ይይዛል።

በእርሳስ የተጻፉ ገጾች አሉ፤ ፊት ለፊት ሲበራባቸው ምንም አይታይም። አንዱን መብራት አጥፍቶ ሌላውን ከጎን ዝቅ አድርጎ ማብራት ነው መፍትሔው። እርሳሱ ወረቀቱን የጎደጎደበት መስመር ጥላ ያወጣል። እነዚህን ገጾች ሁለት ሁለት ጊዜ አነሳናቸው፣ በሙሉ ብርሃንና በጎን ብርሃን።

ባዶ ገጾችንም አንስተናል። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ላይ «ባዶውን ምን ያደርጋል?» ብላ ነበር። ባዶውን ከዘለልነው የዛሬ ሃያ ዓመት ፎቶውን የሚያይ ሰው ገጽ ይጉደል ወይም ባዶ ይሁን ማወቂያ የለውም። ፋይሎቹን በመዝገብ ቁጥርና በገጽ ቁጥር ብቻ ሰየምናቸው። ሳይጨመቅ የተነሳው ምስል ለማኅደር ይቀመጣል፤ የምንሠራበት ቀለል ያለው ቅጂ ነው። ቅጂው በሦስት ቦታ ነው ያለው፦ እኛ ጋ፣ ዕድሩ ጋ፣ ሦስተኛው ከአዲስ አበባ ውጭ ዘመድ ጋ።

ኅዳር፣ የመገልበጫው ሕግ

አንድ መስመር ሳንጽፍ ረጅም ክርክር ገጠምን። የመጀመሪያው ጸሐፊ የቤተ ክህነት ትምህርት ያላቸው ሰው እንደነበሩ ከእጃቸው ይታወቃል። «ሥላሴ»ን በንጉሡ ሠ፣ «ኃይሉ»ን በብዙኃኑ ኀ ይጽፋሉ። በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ አይረሱም። «ጐጃም» እንጂ «ጎጃም» አይሉም። ከእሳቸው ቀጥሎ የመጡት ጸሐፊ ደግሞ «ስላሴ»፣ «ሀይሉ» ብለው ክፍት ቦታ እየተዉ ይሄዳሉ። ሦስተኛው ጸሐፊ ያንኑ ስም በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ይጽፋሉ።

የአክስቴ ልጅ ሁሉም በአንድ አጻጻፍ ይስተካከል አለች። ምክንያቷ ግልጽ ነው፤ «ኃይሉ» ብሎ የፈለገ ሰው «ሀይሉ»ን አያገኝም። እኔ ደግሞ አንዲት ፊደል አትነካም አልኩ። አጻጻፉ ራሱ መረጃ ነው። ቀን ያልተጻፈበት ገጽ ሲገጥመን የማን እጅ እንደሆነ የምናውቀው በዚያ ነው። አንዴ ካስተካከልነው ጠፋ ማለት ነው፤ ከግልባጩ ተነስቶ ማንም ሊመልሰው አይችልም።

የተስማማንበት ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ መስመር ሁለት ዓምድ ይኖራል። በመጀመሪያው ዓምድ እንደተጻፈው ይገባል፦ ሁለት ነጥቡ፣ ስርዙ፣ ስሕተቱ ሳይቀር። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ ነው፤ እሱን ማንም በእጅ አይሞላውም። ኮምፒውተሩ ራሱ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይቀይራል፤ በሁሉም የድምፅ ዘሮች። ጐን ወደ ጎ፣ ኰን ወደ ኮም እንዲሁ። ሀና ሃ፣ አና ዓም ለፍለጋ አንድ ይሆናሉ። ፈላጊው እንዴትም ይጻፍ፣ ቃሉ በዚያው ወንፊት ያልፍና ይገናኛሉ። ሸክሙን ፍለጋው ይሸከም እንጂ ጽሑፉ አይሸከም።

ለጉዳቶቹም ምልክት አወጣን። የማይነበብ፣ ተጠራጥረን ያነበብነው፣ ጸሐፊው የሰረዘው፣ ከመስመር በላይ የጨመረው፣ እኛ ከዐውዱ የሞላነው፤ አምስቱም የተለያየ ምልክት አላቸው። ይህን እኛ አልፈጠርነውም። እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው ቲኢአይ የሚባለው የጽሑፍ ምልክት ሥርዓት እነዚህን ሁሉ ለይቶ አስቀምጧል። የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» ፕሮጀክትም የኢትዮጵያን ብራናዎች የሚመዘግበው በዚሁ ነው። እኛ የምንሠራው በኤክሴል ቢሆንም ነገ ወደዚያ ለመለወጥ እንዲመች ምልክቶቻችንን አንድ ለአንድ አገጣጠምናቸው።

አንድ ትንሽ ነገር ለሚጀምሩ ሰዎች ልጻፍ። የአማርኛው ሁለት ነጥብና የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ለዓይን ይመሳሰላሉ። ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አራት ነጥብም ሁለት ሁለት ነጥብ ተደርድሮ ሲጻፍ እንዲሁ ነው። አንዱ ሰው በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ከጻፈ ፍለጋው ይበላሻል። ኪቦርዱ የትኛውን እንደሚያወጣ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ኅዳር፣ ቁጥር

በመጀመሪያው መዝገብ ገንዘቡም ቀኑም በግእዝ ቁጥር ነው። ኤክሴል ደግሞ ፲፭ን እንደ ፊደል እንጂ እንደ 15 አያየውም፤ ደምር ቢሉት አይደምርም። ስለዚህ እዚህም ሁለት ዓምድ ሆነ፦ እንደተጻፈውና ዋጋው።

የሚያስቸግሩት ፮ና ፯ ናቸው። ጸሐፊው ሲቸኩሉ አንድ ይሆናሉ። በመዋጮው ገጽ ላይ ግን የሚያስታርቅ ነገር አገኘን፤ በየገጹ ግርጌ ጸሐፊው ራሳቸው ድምር ጽፈዋል። የተጠራጠርነውን መስመር አንዴ በ6፣ አንዴ በ7 እያስገባን ከድምሩ ጋር እናስተያያለን። የአክስቴ ልጅ እዚህ ላይ ነው ሥራው ቤቷ የሆነው። ድምሩ አልገጥም ያለባቸውን ገጾች አላስተካከልንም። የጸሐፊው ድምር እንዳለ ገብቶ የእኛ ስሌት በማስታወሻ ዓምድ ተቀመጠ።

ቃለ ጉባኤው ላይ ድምር የለም። «ዛሬ እሑድ ኅዳር ፳፩ ቀን» ይልና ዓመቱ ላይ ፲፱፻፶፮ ይሁን ፲፱፻፶፯ አይለይም። እዚህ የረዳን ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የዘመን አቆጣጠር ስሌት ነው። 1956 ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7456 ይሆናል። ለአራት ሲካፈል መጠነ ራብዒቱ 1864 ነው። ሁለቱ ተደምረው 9320፤ ለሰባት ሲካፈል 3 ይተርፋል። 1 ሲተርፍ መስከረም 1 ማክሰኞ ስለሚውል፣ 3 ሲተርፍ ሐሙስ ነው ማለት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 21 ሰማንያ ቀን አለ፤ አሥራ አንድ ሳምንትና ሦስት ቀን። ከሐሙስ ሦስት ቀን ሲቆጠር እሑድ ይመጣል። በ1957 ግን መስከረም 1 ዓርብ ስለነበረ ኅዳር 21 ሰኞ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ዓመቱ 1956 ነው። ጽዮን ማርያም በዋለችበት እሑድ ሰው ተሰብስቧል ማለት ነው።

የዕለት ስም በተጻፈበት ቀን ሁሉ ይህን ቀመር ኤክሴል ውስጥ አስገብተነዋል። አሁን ዓመቱ ከዕለቱ ጋር ካልገጠመ መስመሩ ቀይ ይሆናል።

ታኅሣሥ፣ ማሽን ቢያግዘንስ

ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከፎቶ ላይ አማርኛ ያነባል። በንጹሕ የታተመ ጽሑፍ ላይ ደህና ይሠራል። የእጅ ጽሕፈት ላይ ግን የሚያወጣው የፊደል ክምር ነው፤ ለዚያም አልተሠራም። የእጅ ጽሕፈት እንዲያነብ የሚሠለጥነው ትራንስክሪበስ ደግሞ ለአንድ እጅ ከ5,000 እስከ 15,000 ቃል የሚሆን አስቀድሞ የተገለበጠ ጽሑፍ ይፈልጋል። ቃለ ጉባኤው ላይ የሚያዋጣ ይመስለኛል። የመዋጮ መዝገቡ ግን ስምና ቁጥር ብቻ፣ ያውም በሰንጠረዥ ነው። ማሽኑን አሠልጥነን እስክንጨርስ በእጅ ተገልብጦ ያልቃል።

በእጅ ስንገለብጥ ግን እያንዳንዱን ገጽ ሁለታችንም እንጽፋለን፣ ሳንተያይ። ከዚያ ሁለቱ ግልባጭ ጎን ለጎን ይቀመጥና የተለያየንበት መስመር ብቻ ተለይቶ ይወጣል። ፎቶው ላይ አብረን እናያለን። ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ብቻውን ደጋግሞ ከሚያነበው ይልቅ ይህ ይታመናል። ሰው ያየሁት ብሎ የገመተውን ሁለተኛ ጊዜም ያየዋል።

የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ በጽሕፈት መኪና የተመታ ስለሆነ ቀላል ይሆናል ብለን ነበር። ቴሰራክት ግን ተደናገረ። ከሁለት መቶ በላይ የሆነው ፊደላችን በአንድ ኪቦርድ ላይ አይበቃም። ስለዚህ በኢንጂነር አያና ብሩ ፈር ቀዳጅነት በታወቀው አሠራር ብዙው ፊደል የሚመታው በቁራጭ ነው፤ መጀመሪያ ገላው፣ ቀጥሎ ቅጥያው። ወረቀቱ ላይ ቅጥያው ከገላው ትንሽ ይርቃል። እኛ አንድ ፊደል እናያለን፤ ማሽኑ ሁለት ያያል። እሱንም በእጅ ጻፍነው።

ያሳዘነኝ ሌላ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደንቡ በኮምፒውተር ተጽፎ ነበር፤ ፋይሉም ተገኘ። ስንከፍተው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲኑ ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፣ ሁሉም በየራሱ መንገድ። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የለም። በቀለም የተጻፈው የ1955 መዝገብ እስከ ዛሬ ሲነበብ ይሄ ቀድሞ ዝም አለ። የፎንቱን ማንነት አውቀን የመቀየሪያ ሰንጠረዥ እየሠራን ነው። እናንተም ቤት ከዚያ ዘመን የቀረ የአማርኛ ፋይል ካለ ዛሬውኑ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት።

ጥር፣ እማማ

«ወ/ማርያም» የሚል ስም አለ። ወልደ ማርያም ነው ወይስ ወለተ ማርያም? «አቶ» ወይም «ወ/ሮ» ከፊቱ ካለ ይለያል። በመዋጮው ገጽ ላይ ግን ማዕረግ የለም። ሕጋችን ያው ነው፤ አህጽሮቱ እንዳለ ይገባል፣ ሙሉው ስም በሌላ ዓምድ፣ እርግጠኛ ካልሆንን ምልክት ጋር።

የመጀመሪያው ጸሐፊ ልጅ እዚሁ ሰፈር አሉ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ግድም ነው። ፎቶውን ላፕቶፕ ላይ አጉልተን አሳየናቸው። የአባታቸውን እጅ ሲያዩ መነጽራቸውን አስተካከሉና ያለ ምንም ችግር ማንበብ ጀመሩ። እኛ የቀለም ጠብታ ያልነው ከስም በላይ ያለ ነጥብ በዚያ ወር ቀብር ላይ ያልተገኘ ሰው ምልክት ነው። «ቅጣት ከመጻፋቸው በፊት ይጠይቁ ነበር» አሉ እማማ። «ታሞ ከሆነ ነጥቡ ብቻ ይቀራል። ቅጣት አይገባም።»

የተለየ ሥራ ሆነብን። ነጥቦቹን ሁሉ ተመልሰን ማስገባት አለብን፤ እያስገባንም ነው። ከመዋጮው ሒሳብ ጋር ስናስተያየው ነጥብ ኖሮበት ቅጣት ያልተጻፈበት ስም ብዙ ነው። እማማ ያሉት ግን መዝገቡ ውስጥ በፊደል አልተጻፈም። ስለዚህ ነጥቡ በግልባጩ፣ የእማማ ቃል በማስታወሻው ይገባል፤ ማን እንደነገረን፣ መቼ እንደነገረን ተጽፎ።

የካቲት፣ ከ1967 ወዲህ

የአባላት መዝገብ አድራሻ ዓምድ በአንድ ዓመት ውስጥ መልኩን ይለውጣል። እስከ 1967 ድረስ «ከእገሌ ግቢ»፣ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ»፣ «ከወንዙ ማዶ» ነው የሚለው። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቀበሌና የቤት ቁጥር ብቻ ሆነ። ባለ ግቢው ስም ጠፋ፤ ተከራዩም ባለቤቱም እኩል ቁጥር ሆኑ። የድሮውን አድራሻ ከአዲሱ ጋር ለማገናኘት የምንችለው በሁለቱም ዘመን የተመዘገቡ ሰዎች ስላሉ ነው። የአክስቴ ልጅ አሁን የሰፈሩን ካርታ ከዚያ እያወጣች ነው። ከሁሉም ሥራችን ይህን በጣም እወደዋለሁ።

ቀጥሎ የመጣውን ገጽ ግን ቀስ ብለን ነው የሠራነው። በ1969ና በ1970 የሞት መመዝገቢያ ላይ ስም አለ፣ ቀን አለ፣ ቀጥሎ ግን ድንኳን የወጣበት፣ ዕቃ የወጣበት፣ ገንዘብ የተከፈለበት ዓምድ ባዶ የሆነባቸው መስመሮች አሉ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ነገር አናገኝም። በቀይ ሽብር ልጆቻቸው የተገደሉባቸው፣ ማልቀስና ድንኳን መትከል የተከለከሉ ቤተሰቦች እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ እጅ ወደ ማስታወሻው ዓምድ ይሮጣል።

አልጻፍንም። መዝገቡ የሚለው ስምና ቀን ነው። ሰው በሕመምም ይሞታል፣ ቀብሩም አገር ቤት ሊሆን ይችላል። በየሳጥኑ «ባዶ» ብለን አስገባን። «የማይነበብ» ወይም «የጎደለ» አላልንም፤ ጸሐፊው ሳይጽፉ የተዉት ነው። ባዶ ብሎ መጻፍና ምንም አለመጻፍ ይለያያሉ። ነገ ይህን የሚያጠና ሰው ባዶዎቹን በአንድ ፍለጋ ያወጣቸዋል፤ ፍርዱን እሱ ከሌላ ምንጭ ጋር አገናዝቦ ይስጥ። ምክንያቱን የሚናገር ቤተሰብ ካለ፣ ፈቅዶ ሲናገር ይመዘገባል። ለመጠየቅ ግን እኛ ቤት አናንኳኳም።

መጋቢት፣ ማን ይየው

ጉባኤው ተሰብስቦ ተወያየ። መዝገቡ ውስጥ ዕዳ ያለበት፣ የተቀጣ፣ የተሰረዘ ሰው አለ። ልጆቹ እዚሁ ናቸው። አንድ አባት «የአባቴ ዕዳ በስልክ ይታይ ወይ?» ብለው ተነሱ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ፎቶ ማንሳት መቻል ለሁሉም ለማሳየት ፈቃድ አይሆንም።

የተወሰነው እንዲህ ነው። የቃለ ጉባኤው ክፍል እስከ 1966 ያለው ለማንም ክፍት ይሆናል። የአባላት ስምና አድራሻ ለዕድርተኛ ብቻ፣ ዕቃ ቤቱ ባለው ላፕቶፕ ይታያል። የመዋጮና የቅጣት ዓምድ ግን የሚታየው ለራሱ ለሰውየው ወይም ለቤተሰቡ ነው። የ1969ና የ1970 የሞት መመዝገቢያ ቤተሰብ ካልፈቀደ አይከፈትም። ለተመራማሪ ስም የወጣበት ቅጂ እናዘጋጃለን፤ ቁጥሩ፣ ወሩ፣ መጠኑ ይኖራል፣ ስሙ በመለያ ቁጥር ይተካል።

ዳኛው በመጨረሻ ፍለጋውን ራሳቸው ሞከሩት። የአባታቸውን ስም በ«ሀ» ጻፉ፤ መዝገቡ ላይ ያለው በ«ኃ» ነው። ገጹ ወጣ። ፎቶውን አጉልተው መስመሩን እስከ ጫፍ አነበቡ። ከዚያ «የዕቃ መዝገቡንስ መቼ ትጀምራላችሁ?» አሉን።

ከሚያዝያ ጀምሮ ወደ እሱ እንገባለን። በአብዛኛው በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ የጎን ብርሃን ይፈልጋል። ስንት ብርጭቆ እንደተሰበረ፣ ድንኳኑ መቼ እንደተጠገነ፣ የትኛው ድስት ለየትኛው ሰፈር እንደተዋሰ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው። የጽሑፍ መንገዱ ከሌሎቹ ስለሚለይ የመገልበጫ ሕጉን ከአክስቴ ልጅ ጋር እንደገና ተቀምጠን እናየዋለን።